የሳንባ ምችና የትንፋሽ ቆጠራ፤ በሐይቅና በአምባሰል ስለ አንቲባዮቲክ አወሳሰድ

በሐይቅና በአምባሰል አገር አንድ ሰው በፀሐይ ውሎ ራሱን ቢያመው፣ ትኩሳት ቢይዘውና ከንፈሩ ዙሪያ ቢቈስል «ምች መታው» ይባላል። መድኃኒቱም ከጓሮ አይርቅም። ዳማከሴ ተቀጥፎ በእጅ ይታሻል፤ ጭማቂው ይሸተታል፣ በቡና ይጠጣል፣ ገላም ይቀባበታል። በሽተኛው ተሸፋፍኖ ላብ ካላበው በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት በሦስት ቀን ይነሣል። ስለዚህ ምች በሕዝቡ ዘንድ የሚያስቸግር እንጂ የሚያስፈራ በሽታ አይደለም።

የሕክምና ሰዎች ደግሞ ፈረንጆች ኒሞኒያ የሚሉትን በሽታ በአማርኛ «የሳንባ ምች» ይሉታል። ስሙ ለአፍ የሚቀል፣ ሳይረሳም የሚቆይ ነው፤ ነገር ግን አንድ ችግር አለበት። እናት «ልጅሽን የሳንባ ምች ይዞታል» በተባለች ጊዜ ቃሉን ቀድሞ ከምታውቀው ምች ጋር ታዛምደዋለች። ምችን የሚያሽረው ዳማከሴ እንደ ሆነም ታውቃለች። ስለዚህ አንድና ሁለት ቀን በቤት ብታቆየው በእርስዋ ሐሳብ ስሕተት አይደለም። ዳሩ ግን ሁለቱ በሽታዎች ከስማቸው በቀር የሚያገናኛቸው ነገር የለም። አንደኛው በራሱ ጊዜ የሚሄድ ነው፤ ሁለተኛው ሕፃን ልጅን በጥቂት ቀን ውስጥ ሊገድል ይችላል። በዐዋቂ ሰው ላይም ነገሩ ከዚህ አይለይም፤ ጎኑን ሲወጋው «ውጋት ነው» ተብሎ ዋግምት ይደረግለታል፤ ሳንባው ግን በዋግምት አይጸዳም።

የሳንባ ምች መድኃኒት በዘመናችን ርካሽና ቅርብ ሆኗል። ሆኖም መድኃኒቱ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ሁለት ቆጠራ ይፈልጋል። የመጀመሪያው መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት የሚደረገው የትንፋሽ ቆጠራ ነው፤ ሁለተኛው ከተሰጠ በኋላ የሚደረገው የቀን ቆጠራ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምሞክረው ይህንን ነው።

ሳንባ በውስጡ በመቶ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉት። በከረጢቶቹ ስስ ግድግዳ አልፎ ኦክሲጅን ወደ ደም ይገባል። ተሕዋስያን በዚያ ሲራቡ ሰውነት ሊከላከል ነጭ የደም ሕዋሳቱንና ፈሳሽ ይልካል፤ አየር የነበረበትም ስፍራ በመግልና በውኃ ይሞላል። ከዚያ በኋላ ሰውነት ያጣውን ኦክሲጅን ለማካካስ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ይጀምራል። ሳንባው እየደረቀ ሲሄድም ሕፃኑ አየር ለመሳብ እጅግ ስለሚታገል የታችኛው የደረቱ ክፍል ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። እንግዲህ የትንፋሽ መፍጠንና የደረት መሰርጐድ የበሽታው ጌጥ ሳይሆኑ የበሽታው ሥራ ራሱ በውጭ ሲታይ ናቸው። ሳል ብቻውን ግን እንዲህ አይደለም፤ ጉንፋንም ያስላል፣ የኩበት ጢስም ያስላል።

በሽታውን የሚያመጡት ተሕዋስያን ብዙ ዓይነት ናቸው። ከባክቴሪያዎቹ ዋናው ኒሞኮከስ የሚባለው ነው፤ እርሱንም በ1881 እ.ኤ.አ. ፓስተር በፈረንሳይ፣ ስተርንበርግ በአሜሪካ እያንዳንዳቸው ለብቻቸው አገኙት። ከባክቴሪያ ሌላ ቫይረሶች አሉ፤ በሕፃናትም ላይ የብዙው የመተንፈሻ አካል ሕመም ምክንያት እነርሱ ናቸው። የሁለቱን ልዩነትና ዝምድና ለመረዳት በአገራችን ታሪክ ከታወቀው ከኅዳር በሽታ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በ1911 ዓ.ም. በኅዳር ወር አዲስ አበባን የመታው ያ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሕዝብ ጨርሷል፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን እንኳ ታመው ነበር። እስከ ዛሬም በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ ሠፈር የሚታጠነው በዚያ መታሰቢያ ነው። በሽታው በዓለም ሁሉ የዞረው ኢንፍሉዌንዛ ሲሆን ምክንያቱ ቫይረስ ነበር። ይሁን እንጂ ከሞቱት ሰዎች ተጠብቆ የቆየው የሳንባ ሥጋ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲመረመር አብዛኞቹን የገደላቸው ቫይረሱ ያቈሰለውን ሳንባ ተከትለው የገቡት ባክቴሪያዎች እንደ ነበሩ ታወቀ። እንግዲህ በዚያ ዘመን ፔኒሲሊን ቢኖር ኖሮ ኢንፍሉዌንዛውን ባላቆመው ነበር፤ ከሟቾቹ ግን ብዙዎቹን ባተረፈ ነበር። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ መያዝ ያስፈልጋል።

አንቲባዮቲክ ቫይረስን የማይነካው ለምንድን ነው? ብዙ ሰው «መድኃኒቱ ስላልበረታ ነው» ይላል። ነገሩ ሌላ ነው። በአገራችን ጭቃ ቤት ሲሠራ በመጀመሪያ ቋሚ እንጨቶች ይተከላሉ፤ ከዚያ ማገር እየተጋደመ ይታሰራል። ማገር የሌለው ግድግዳ የቱን ያህል ቋሚ ቢበዛበት አይጸናም። ባክቴሪያም ከውጭ የሚከበው እንደዚህ ያለ ግድግዳ አለው፤ ሲያድግና ሲከፈል ግድግዳውን እያፈረሰ ይሠራል። ፔኒሲሊንና የእርሱ ዘመድ የሆነው አሞክሳሲሊን ማገሩን የሚያስሩትን የባክቴሪያውን እጆች (ማለት ኤንዛይሞቹን) ይይዙአቸዋል። ባክቴሪያው ያልተማገረ ግድግዳ ይዞ ያብጥና ይፈነዳል። የሰው ሕዋስ እንዲህ ያለ ግድግዳ ስለሌለው አይጐዳም። ቫይረስም ግድግዳ የለውም፤ በሰው ሕዋስ ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖር ነው፤ ስለዚህ አሞክሳሲሊን በእርሱ ላይ የሚሠራው ሥራ የለም። በነገራችን ላይ ማይኮፕላዝማ የሚባል ግድግዳ የሌለው ባክቴሪያም ስላለ በእርሱ ለሚመጣው የሳንባ ምች ሌላ ወገን መድኃኒት ይታዘዛል።

መድኃኒቱ የሚሠራው ባክቴሪያው በሚገነባበት ሰዓት መሆኑ አንድ ትልቅ ነገር ያስከትላል፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን ሳይጐድል መቆየት አለበት። ይህንን ከሁሉ ቀድሞ በሚያሳዝን መንገድ ያሳየው የመጀመሪያው በሽተኛ ነው። ፍሌሚንግ ፔኒሲሊንን በ1928 እ.ኤ.አ. ቢያገኘውም ለሕክምና ያበቁት ፍሎሪ፣ ቼይን፣ ሂትሊና ጓደኞቻቸው በኦክስፎርድ ናቸው። በየካቲት ወር 1941 እ.ኤ.አ. አልበርት አሌክሳንደር ለሚባል ፖሊስ መድኃኒቱን ሰጡት። ፊቱ ላይ የጀመረው ቁስል መርዞ አንድ ዓይኑን አጥፍቶ ሳንባው ደርሶ ነበር። በጥቂት ቀን ውስጥ ትኩሳቱ ወረደ፣ መብላትም ጀመረ። ነገር ግን በእጃቸው የነበረው ፔኒሲሊን ጥቂት ስለ ነበረ ከሽንቱ እያጣሩ እንደ ገና እስከ መስጠት ቢደርሱም አለቀ። በሽታው ተመለሰ፤ ሰውየውም በመጋቢት ሞተ። እርሱ መድኃኒቱን ያቋረጠው በዓለም ላይ ስላልተገኘ ነው። ዛሬ በመንደራችን የሚቋረጠው ግን ተገኝቶ ሳለ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ቆጠራ እንመለስ። ከተማ ውስጥ ሐኪም በማዳመጫም በራጅም ሊመረምር ይችላል። በአምባሰል ገደል ሥር ላለ ቀበሌ ግን ራጅ የለም። ስለዚህ የዓለም የጤና ድርጅት በማናቸውም ስፍራ የሚሠራ መለኪያ አወጣ፤ እርሱም ሕፃኑ በአንድ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚተነፍስ መቁጠር ነው። ሁለት ወር ያልሞላው 60ና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 12 ወር ያለው 50ና ከዚያ በላይ፣ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ያለው 40ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ትንፋሹ ፈጥኗል ይባላል። በአገራችን በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞች ያሉበት ጤና ኬላ አቋቋመ። ይሁን እንጂ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሠራተኞቹ የሳንባ ምችን ቢያውቁም አንቲባዮቲክ እንዲሰጡ አይፈቀድላቸውም ነበር፤ በሽተኛውን ወደ ጤና ጣቢያ ከመላክ ሌላ ሥልጣን አልነበራቸውም። ይህ ደንብ በ2002 ዓ.ም. ተለወጠ። በመጀመሪያ ኮትሪሞክሳዞል፣ ኋላም በውኃ የሚሟሟ አሞክሳሲሊን በእጃቸው ገባ። በእኔ አስተያየት በአገራችን ስለ ሳንባ ምች ከተደረገው ነገር ሁሉ ይህን የሚያህል ጥቂት ነው።

ባለፈው ጥር ለዕረፍት ወደ ሐይቅ በሄድሁ ጊዜ በአንድ ጤና ኬላ ቆጠራውን ቆሜ አየሁ። እናትዮዋ የስምንት ወር ወንድ ልጅ ታቅፋ መጣች። ልጁ ያለቅሳል።

«ሲስተር፣ በአላህ መርፌ ውጊልኝ፤ ሌሊቱን ሲያስለው ነው ያደረው» አለች።

«እኅቴ፣ በመጀመሪያ ጡት አስይዢው። ሲረጋጋ እንቆጥራለን» አለቻት ሠራተኛዋ።

ልጁ እስኪረጋጋ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀ። በውጭ ሌሎች እናቶች ይጠብቃሉ። እኔ በልቤ «ይህን ያህል መጠበቅ ምን ያስፈልጋል?» አልሁ፤ ኋላ ግን ምክንያቱን ተረዳሁ። የሚያለቅስ ልጅ ትንፋሽ ያለ በሽታም ይፈጥናል፤ ስለዚህ በልቅሶ ላይ የተቆጠረ ቁጥር ዋጋ የለውም። ከዚያ በኋላ ሸሚዙን ገልጣ፣ ሰዓቱን ይዛ፣ ሆዱ ከፍና ዝቅ ሲል አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች። በሠላሳ ሴኮንድ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ቀላል ይመስላል፤ የሕፃን ትንፋሽ ግን አንዴ የሚፈጥን አንዴ የሚዘገይ ስለ ሆነ ያሳስታል። ቁጥሩ 58 ሆነ። ደረቱ አልሰረጐደም፤ ጡት ይጠባል፣ አያስመልሰውም፣ ራሱንም አልሳተም። «የሳንባ ምች ነው፤ መርፌ ግን አያሻውም» አለች። እናትዮዋ ቅር እንዳላት ከፊቷ ይታወቅ ነበር። በእኛ አገር መርፌ ያልነካው ሕክምና እንደ ሕክምና አይቆጠርም።

የታዘዘለት 250 ሚሊ ግራም የሆነ የሚሟሟ አሞክሳሲሊን ጧት አንድ፣ ማታ አንድ፣ ለ5 ቀን ነው። በጠቅላላው 10 ፍሬ። ፍሬው በማንኪያ ላይ በንጹሕ ውኃ ወይም በታለበ የእናት ጡት ወተት ይሟሟል። የመጀመሪያው እዚያው በሠራተኛዋ ፊት ተሰጠ። ቀድሞ እንዲህ ያለው በሽታ ለሰባትና ለዐሥር ቀን ይታከም እንደ ነበረ የሚያስታውሱ ሐኪሞች አሉ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አጭሩ ጊዜ እንደሚበቃ ስላሳዩ ቀኑ ተቀነሰ፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ ደረቱ የሰረጐደ ሕፃን እንኳ ሌላ የአደጋ ምልክት ከሌለው በሚዋጥ አሞክሳሲሊን በቤቱ ሊታከም እንደሚችል የዓለም የጤና ድርጅት ወሰነ። ስለዚህ «አንቲባዮቲክ በረዘመ ቁጥር ይሻላል» የሚለው አሳብ ትክክል አይደለም። ትክክለኛው መጠን በትክክለኛው ሰዓት ለተወሰነው ቀን ነው የሚያስፈልገው።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን ልጁ ይስቃል፣ ይጠባል፣ ትኩሳቱም ይጠፋል። በቤት ውስጥ ደግሞ የሦስት ዓመት እኅት ማሳል ትጀምራለች። የቀሩት አራት ፍሬዎች ለእርስዋ ይሰጣሉ። እናትየዋ ይህን የምታደርገው ስለምትሳሳ ነው እንጂ ንፉግ ሆና አይደለም። ግን ሒሳቡን እንመልከት፤ እኅትየዋ በክብደቷ የሚገባት በአንድ ጊዜ ሦስት ፍሬ ነው፤ አንድ አንድ ተሰጣት። ሳልዋ ጉንፋን ከሆነ መድኃኒቱ ከንቱ ነው፤ የሳንባ ምች ከሆነም አይደርስባትም። ያገኘችው ነገር ቢኖር በጉሮሮዋ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ሳይሞቱ መድኃኒቱን እንዲለምዱ ማድረግ ብቻ ነው።

የዐዋቂውስ? በገበያ ቀን አንድ የመድኃኒት መደብር በር ላይ ቆሜ ሳለሁ አንድ ጎልማሳ ገብቶ «ያንን ቀይና ቢጫውን አራት ስጠኝ» ሲል ሰማሁ። ስሙን አልጠራም፤ በቀለሙ ነው የሚያውቀው። ሻጩም ማዘዣ አልጠየቀም፤ በሽታውንም አልጠየቀም፤ አራቱን በመቀስ ቆርጦ ሰጠው። በሕጋችን አንቲባዮቲክ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም። እኔ ሻጩን ብቻ መውቀስ አልፈልግም፤ አራት ፍሬ የሚገዛ ሰው ኪሱ የሚችለው አራት ስለ ሆነ ነው። ከአራቱም ሁለቱን ውጦ ሲሻለው ሁለቱን በሙዳይ የሚያስቀምጥ አለ፤ ፍልቃቂውን ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ የሚነሰንስም አለ።

ፍሌሚንግ በ1945 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ባደረገው ንግግር ይህንኑ ነገር አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። ጉሮሮውን ያመመው አንድ ሰው ፔኒሲሊን በገዛ እጁ ገዝቶ ከሚገባው በታች ወስዶ፣ የለመደውን ተሕዋስ ለሚስቱ አስተላልፎ፣ እርስዋም በሳንባ ምች ታማ መድኃኒቱ አልሠራላት ብሎ እንደ ሞተች አድርጎ ምሳሌ ሰጠ። ምሳሌው ትንቢት ሆነ። ፔኒሲሊን የማይበግረው ኒሞኮከስ በ1967 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያ ተገኘ፤ በ1977 በደቡብ አፍሪካ ብዙ ዓይነት መድኃኒት የሚቋቋም ታየ። ኒሞኮከስ የሚያመልጠው ማገር አሳሪ እጆቹን መልካቸውን በመለወጥ ነው፤ መድኃኒቱ እንደ ቀድሞው አጥብቆ ሊይዛቸው አይችልም። ሆኖም መለወጡ ብዙ ጊዜ በከፊል ስለ ሆነ ከፍ ያለ መጠን አሁንም ያሸንፈዋል። በሕፃናት የአሞክሳሲሊን መጠን በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ወደ 80 ሚሊ ግራም ከፍ እንዲል የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ ፍሬውን ለሁለት መክፈል ለባክቴሪያው የሚስማማውን መጠን መምረጥ ማለት ነው። መድኃኒት በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በ2019 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ሞተ ተገምቷል። በኮቪድ ዘመንም በሆስፒታል ከተኙት በሽተኞች አንቲባዮቲክ የሚያስፈልጋቸው ከመቶ 8 ሲሆኑ የተሰጣቸው ግን ከመቶ 75 ያህል እንደ ነበሩ የዓለም የጤና ድርጅት በ2024 እ.ኤ.አ. ገልጿል። ስለዚህ ጥፋቱ የገበሬው ብቻ አይደለም፤ የተማረውም ድርሻ አለው።

ስለ ጉሮሮ ሕመምና ስለ ረዥም ሳል በአጭሩ ልናገር። በአካባቢያችን ጉሮሮው ያበጠ ልጅ እንጥሉ እንዲቈረጥ የሚያደርጉ ወላጆች አሁንም አይጠፉም። ይህ ደም ያፈሳል፣ ቁስል ያመረቅዛል፣ በሽታውንም አያድንም። በስትሬፕቶኮከስ የመጣ የጉሮሮ ሕመም ግን በፔኒሲሊን መታከም አለበት፤ ካልታከመ በኋላ ልብን የሚጐዳ የቁርጥማት ትኩሳት ሊያመጣ ይችላልና። ሳሉ ከሁለት ሳምንት ያለፈ እንደ ሆነ ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ መኖሩ በአክታ መመርመር አለበት። ነቀርሳ በአሞክሳሲሊን አይድንም። ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚገኝበት ወገን መድኃኒት ግን ነቀርሳውን ለጥቂት ጊዜ ያስታግሠዋል፤ በሽተኛው የዳነ ይመስለዋል፣ ምርመራው ይዘገያል፣ ቤተ ሰቡም በዚያው መካከል ይያዛል።

ሁሉም በጤና ኬላ አይታከምም። ሕፃኑ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ራሱን ከሳተ፣ ወይም ሳያለቅስ ጉሮሮው ሲር ሲር ካለ በመርፌ አንቲባዮቲክና በኦክሲጅን መረዳት ስላለበት ወደ ሆስፒታል ይላካል። የሐይቅ ከተማ በዋናው መንገድ ላይ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ መኪና ያገኘ ቶሎ ይደርሳል። ከአምባሰል ቁልቁለት የሚወጣ ሰው ግን መጀመሪያ በቃሬዛ ወደ ውጫሌ መንገድ መድረስ አለበት፤ ይህም በክረምት የግማሽ ቀን ሥራ ሊሆን ይችላል። በደጋ ያለው አየር ደግሞ ኦክሲጅኑ ሳሳ ያለ ስለ ሆነ የታመመ ሳንባ ይበልጥ ይቸገራል። በጣት ላይ የሚደረገው የኦክሲጅን መለኪያ ለጤና ጣቢያዎች እጅግ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው፤ ጤና ሚኒስቴርም በ2016 እ.ኤ.አ. ስለ ኦክሲጅንና ስለዚሁ መለኪያ አገር አቀፍ ዕቅድ አውጥቶ ነበር። ይህ ሁሉ የተሠራ ነገር በጦርነት ምን ያህል ቶሎ እንደሚፈርስ ደግሞ አይተናል። በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ደሴ በተያዘችበት ጊዜ የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ ሥራው ተቋርጦ ነበር።

አራስ ሕፃን ለብቻው መነሣት ያለበት ነገር ነው። ክርስቲያኑም እስላሙም አራስን እስከ ተወሰነ ቀን ከቤት አያወጣም። በዚያ ወራት ሕፃኑ ቢታመም ጢስ በሞላበት ቤት ይቆያል፤ አንዳንድ ጊዜም ቅቤ ያስውጡታል፤ ቅቤውም ወደ ሳንባ ሲገባ ራሱ የሳንባ ምች ያመጣል። ስለዚህ ሁለት ወር ላልሞላው ሕፃን ሠራተኛዋ ወደ ቤት መሄድ አለባት እንጂ እናቲቱን በኬላው መጠበቅ አይበቃም።

ክትባቱ ነገሩን ብዙ አቅልሏል። በ1999 ዓ.ም. ለሂሞፊለስ፣ በ2004 ዓ.ም. ለኒሞኮከስ ክትባት በአገራችን ተጀምሮ ሕፃናት በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይከተባሉ። በ2000 እ.ኤ.አ. ከሺህ ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ይህ ቁጥር ወደ 67 ወርዷል። ሆኖም በዚሁ በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት የሳንባ ምች ምልክት ከታየባቸው ሕፃናት ምክር ወይም ሕክምና የተፈለገላቸው ሲሶ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ያ የስምንት ወር ልጅ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። እናቱ የቀሩትን ፍሬዎች በመሐረብ ጫፍ ቋጥራ ይዛቸው ነበር። ሠራተኛዋ እንደ ገና ጡት አስይዛው አንድ ደቂቃ ቆጠረች፤ 42 ሆነ። ቋጠሮውን ፈትታ ፍሬዎቹን ብትቆጥር አምስት ነበሩ፤ የዚያን ዕለት ጧት የሚወስደው ተሰጥቶታል፤ ማታ አንድ፣ ነገና ከነገ ወዲያ ጧትና ማታ ይቀሩታል።